ያለ እሳት

ጉበት ዝምተኛ አካል ነው። ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይነፋል፣ ጨጓራ ባዶ ሲሆን ይጮኻል። ጉበት ግን ከጎድን አጥንቶች ሥር ተጋድሞ ደም ሲያጣራ፣ ሐሞት ሲሠራ፣ ስኳር ሲያከማችና መልሶ ሲያድል ይውላል እንጂ መኖሩን አያሳውቅም። ከፊሉ ቢታመም ቀሪው ሥራውን ይሸከምለታል። ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ የቀረው ይፋፋና በሳምንታት ውስጥ የጎደለውን ይሞላል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው አካል ሲታመምም በትዕግሥት ነው የሚታመመው።

ውሻም በበኩሉ ሕመሙን የሚደብቅ ፍጡር ነው። እግሩ ካልተሰበረ ወይም ቁስሉ ካልተነካ በቀር አያላዝንም። ውስጡ የሚጠዘጥዘው ውሻ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ ሲጠሩት ጅራቱን ያወዛውዛል፣ ምግቡን አሽትቶ ይተወዋል። በዚህ ምክንያት በውሻ ጉበት ውስጥ የሚያድግ ካንሰር በሁለት ዝምታ ተሸፍኖ ያድጋል። በብዛት የሚይዘው ደግሞ አሥርና አሥራ አንድ ዓመት የደረሱትን ነው። በዚያ ዕድሜ ደረጃ መውጣት ቢያቅተው፣ ውኃ ቢያበዛ፣ ቢከሳ «አርጅቷል» ይባላል፤ የሚለውም ሰው በክፋት አይደለም። አንዳንዱ በሽታ የሚገኘው ጨርሶ በአጋጣሚ ነው። ውሻው ለጥርስ እጥበት ሄዶ ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት ደሙ ሲመረመር የጉበት ኢንዛይሞቹ ከፍ ብለው ይታያሉ፤ ሐኪሙ አልትራሳውንድ ያዝዛል፤ ከዚያ ጥቁርና ነጭ ምስሉ ላይ ሊኖር የማይገባ ነገር ይታያል።

ከጉበቱ ከራሱ ከሚነሡት ካንሰሮች በውሻ ላይ በብዛት የሚገኘው ሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ የሚባለው ነው። በሦስት መልክ ይመጣል። አንዱ መላውን ጉበት ይወርሰዋል፤ ሌላው እዚህም እዚያም እብጠት ሆኖ ይበተናል። በብዛት የሚታየው ግን ግዙፉ መልክ ነው። አንድ ትልቅ ዕጢ በአንድ የጉበት ክፍል ላይ ተተክሎ ያድጋል፤ አንዳንዴ ስፋቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። መጠኑ ያስፈራል እንጂ ጠባዩ ከሌሎቹ የተሻለ ነው፤ ወደ ሌላ አካል ለመዛመት አይቸኩልም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ይህ ዓይነት ዕጢ ያለባቸውን 48 ውሾች መዝገብ መርምሮ ነበር። በቀዶ ሕክምና ዕጢው የወጣላቸው 42ቱ ውሾች መካከለኛ የመኖር ዘመናቸው ከ1,460 ቀን፣ ማለትም ከአራት ዓመት አለፈ። ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላቸው ግን 270 ቀን ነበር። ለአሥር ዓመት ውሻ አራት ዓመት ማለት የቀረው ዕድሜ በሙሉ ማለት ነው።

ልዩነቱን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ዕጢው የበቀለበት ቦታ ነው። የውሻ ጉበት ስድስት ክፍሎች አሉት። በግራ በኩል ያሉት ክፍሎች ከሥራቸው ቀጠን ብለው ስለተያያዙ ለቀዶ ሐኪም እጅ ይመቻሉ፤ ደግነቱ ግዙፉ ዕጢም በብዛት የሚበቅለው በዚያው ወገን ነው። በቀኝና በመካከል ያሉት ክፍሎች ግን ከታችኛው አካል ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም የተሸከመውን ታላቁን ደም መልስ ሥር ተጠግተው፣ አንዳንዶቹም አቅፈውት ነው ያሉት። ዕጢው እዚያ ከበቀለ ቢላው አንዲት ሚሊ ሜትር ቢስት ውሻው በጠረጴዛው ላይ ደሙ ይፈሳል። ስለዚህ ተመሳሳይ ዕጢ፣ ተመሳሳይ ዕድሜ፣ ተመሳሳይ ባለቤት ያላቸው ሁለት ውሾች አንዱ ግራ ስለደረሰው ይድናል፤ ሌላው ቀኝ ስለደረሰው «ወደ ቤት ውሰዱትና ምቾቱን ጠብቁለት» ይባላል። የኬሞቴራፒ መድኃኒት በዚህ ካንሰር ላይ ያለው ጉልበት ደካማ ነው። እኔን ይህን ነገር ደጋግሜ እንዳስብ ያደረገኝ ያ ቀኝ የደረሰው ውሻ ነው።

ቢላ በማይደርስበት ቦታ ሰዎች በመጀመሪያ ያሰቡት እሳት ነው። እኛም የምናውቀው ነገር ነው፤ በአገራችን ከብትም ሰውም ይተኮሳል። የጋለ ብረት መድኃኒት ነው ብሎ ማመን ከጥንት የመጣ ነው፤ በብዙ ሰው ክንድ ላይ ጠባሳው ዛሬም ይታያል። ዘመናዊው ሕክምና እሳቱን በመርፌ ጫፍ ላይ አስቀመጠው። ቀጭን መርፌ በቆዳ በኩል እስከ ዕጢው ይገባል፤ በራዲዮ ሞገድ ወይም በማይክሮዌቭ ጉልበት ዙሪያው ይግላል፤ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ይረጋና ሕዋሳቱ ይሞታሉ። ብዙ ሰው በዚህ ድኗል፤ የሚናቅ ጥበብ አይደለም።

ነገር ግን ጉበት የደም ቤት ነው። በውስጡ የሚያልፉት ሥሮች ያለማቋረጥ ይፈሳሉ፤ የሚፈስ ደም ደግሞ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ዕጢው ትልቅ ሥር ከተጠጋ ከሥሩ ግድግዳ ጋር የተጣበቁት የካንሰር ሕዋሳት ጎረቤታቸው ሲነድ እነርሱ በደሙ ቅዝቃዜ ይተርፋሉ። ሐኪሙ እነርሱን ልግደል ብሎ እሳቱን ቢያበረታ የሐሞት ቧንቧውን ያቃጥላል፤ የተቃጠለ የሐሞት ቧንቧ የሚያመጣው መከራ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ቢላ የፈራውን ያንን ቦታ እሳትም ይፈራዋል ማለት ነው። ለቀኝ ወገን ውሻ ከሁለቱ አንዱም አይደርስለትም።

በ2005 ራፋኤል ዳቫሎስ፣ ሉዊስ ሚርና ቦሪስ ሩቢንስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ሐሳባቸው በአጭሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በስሱ ሽፋን የተከበበ ነው። በጣም አጭር፣ ግን ብርቱ የኤሌክትሪክ ምት በዚህ ሽፋን ላይ ሲያርፍ ጥቃቅን ሽንቁሮች ይከፈታሉ። ይህ ነገር ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር፤ ተመራማሪዎች መድኃኒትና ዘረመል ወደ ሕዋስ ለማስገባት ይጠቀሙበት ነበር፤ ጥንቃቄያቸው ሁሉ ሽንቁሮቹ ተመልሰው እንዲዘጉና ሕዋሱ እንዳይሞት ነበር። እነ ዳቫሎስ ያንኑ እንደ ጉዳት ይቆጠር የነበረውን ሞት ፈለጉት። ምቱ ከተወሰነ ኃይል ካለፈ ሽንቁሮቹ አይዘጉም፤ ሕዋሱ የውስጡን ሚዛን መጠበቅ ያቅተውና ይሞታል። ስሌታቸው ያሳየው ደግሞ ይህ ሁሉ ሕብረ ሕዋሱ ሳይቃጠል ሊሆን እንደሚችል ነው። በመርፌዎቹ ጫፍ አጠገብ ጥቂት ሙቀት መፈጠሩ አይቀርም፤ የሚገድለው ግን እርሱ አይደለም።

የዚህ ዘዴ ውበት፣ ለእኔ እንደሚታየኝ፣ በሚተወው ነገር ላይ ነው። የደም ሥር ግድግዳ በሕዋሳት ብቻ የተሠራ አይደለም። ኮላጅንና ኤላስቲን የሚባሉ ክሮች ተሸምነው ያቆሙት ነው፤ ክር ደግሞ የሚሸነቆር ሽፋን የለውም። ምቱ በዕጢው ላይ ሲያርፍ በሥሩ ግድግዳ ላይ ያሉት ሕዋሳት አብረው ሊሞቱ ይችላሉ፤ ሽመናው ግን ቆሞ ይቀራል፤ ደሙ በዚያው መንገድ ይፈሳል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዳዲስ ሕዋሳት መጥተው በቆየው ሽመና ላይ ይሰፍራሉ። እሳት ቤቱን ከነነዋሪው ያወድማል። ይህ ግን ነዋሪውን አስወጥቶ ቤቱን ለሚመጣው ያቆያል። ሰው ለመግደል የሠራው መሣሪያ እንዲህ ያለ ልየታ ሲያውቅ ማየት ያስደንቀኛል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሰናክል ሌላ ነበር። መቶ ማይክሮ ሰከንድ ገደማ የሚቆየው የኤሌክትሪክ ምት ጡንቻን ያንዘፈዝፋል። ታካሚው ጥልቅ ማደንዘዣ ውስጥ ሆኖ እንኳ ሰውነቱ ይዘላል፤ መርፌዎቹ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መድኃኒት ይሰጣል፤ የልብን ምት እንዳያዛባ ደግሞ እያንዳንዱ ምት ከልብ ምት ጋር እየተመሳሰለ ይለቀቃል። በ2011 ዳቫሎስና ባልደረቦቹ አንዲት የላብራዶር ድቅል ውሻ በጭኗ ላይ የበቀለባትን ትልቅ ካንሰር በዚህ መንገድ አክመው መዳኗን ጽፈዋል። ጭን ግን ጉበት አይደለም። እስትንፋስ በመጣ ቁጥር ድያፍራም የሚገፋው፣ ከልብ በታች ጥቂት ጣት ርቆ ያለ አካል ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

መፍትሔው ምቱን ከማሳጠር መጣ። አንዱን ረጅም ምት በየአቅጣጫው የሚለዋወጡ፣ እያንዳንዳቸው በጥቂት ማይክሮ ሰከንድ የሚለኩ የምት ጎርፎች ተኩት። ነርቭና ጡንቻ እንዲህ ያለውን ፍጥነት ሊከተሉት አይችሉም፤ የካንሰሩ ሕዋስ ሽፋን ግን ይከተለዋል። ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ኤሌክትሮፖሬሽን ይባላል። የሚሠራበት ቦታ በቨርጂኒያ ግዛት ደቡብ ምዕራብ ተራሮች መካከል ያለችው ብላክስበርግ፣ የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ከተማ ናት። ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩበት ከአሌክሳንድሪያና ከዋሽንግተን ዙሪያ የአራት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ነው።

እዚያ የተደረገው ሙከራ በ2020 ታተመ፤ የታከሙት ሦስት ውሾች ብቻ ናቸው። ሦስቱም የጉበት ካንሰር ያለባቸው፣ ሦስቱም በሰው ቤት የሚኖሩ ነበሩ። መርፌዎቹ በቆዳቸው በኩል ገቡ። ጡንቻ የሚያሽመደምድ መድኃኒት አልተሰጠም፤ ምቱም ከልብ ምት ጋር አልተመሳሰለም። የልብ መዛባት አልታየም፤ የጡንቻው መንቀጥቀጥ እጅግ ትንሽ ነበር። በሕክምናው ምክንያት የሚያሠጋ ጉዳት አልደረሰም። የሞተው የዕጢ ክፍል በአማካይ 3.89 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ እንደ ኳስ ብንስለው ከዳር እስከ ዳር ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። አሥር ሳንቲ ሜትር ከሚደርስ ዕጢ አንጻር ሲታይ ጥቂት ነው። ተመራማሪዎቹም ይህን ያውቁ ነበር፤ የጠየቁት «ይድናሉ ወይ?» ብለው ሳይሆን «ይህን ማድረግ ይቻላል ወይ? ያሰብነውን ያህል ቦታ ብቻ ይሞታል ወይ? ውሻዋስ ትጎዳለች ወይ?» ብለው ነበር።

በሙከራው ጽሑፍ ውስጥ ቆም ያሰኘኝ አንድ ቃል አለ፤ የሦስቱም ውሾች ዕጢ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችል ነበር ይላል። እነዚህ ግራ እንደደረሳቸው ያሉ ዕድለኞች ናቸው። ዕጢያቸው በዚያው ቀን ተቆርጦ ሊወጣ፣ ነገሩ በዚያው ሊያልቅ ይችል ነበር። ባለቤቶቻቸው ግን በመጀመሪያ ይህ አዲስ ሕክምና እንዲሞከርባቸው፣ ከዚያም በየጊዜው ደማቸው እንዲመረመር፣ በመጨረሻም ዕጢው ወጥቶ ቁርጥራጩ በአጉሊ መነጽር ሥር እንዲታይ ፈቀዱ። ደማቸው የተወሰደው በሕክምናው ዕለት፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን ነው።

እነዚያን ቀናት አስባቸዋለሁ። ውሻዋ አንድ ጊዜ በማደንዘዣ ተኝታ ነቅታለች፤ ሆዷ ላይ ፀጉሯ ተላጭቷል፤ ክንዷ ላይ ፋሻ አለ። በውስጧ ደግሞ ሁለት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦታ እየሞተ ነው፤ በዙሪያው ያለው ካንሰር ግን በሕይወት አለ። እርሷ ይህን አታውቅም። የምታውቀው እንግዳ ሽታ ያለው ቤት ውስጥ መሆኗን፣ አንዳንዱ እጅ የሚያባብል አንዳንዱ የሚወጋ መሆኑን፣ ባለቤቷ መጥታ ተመልሳ መሄዷን ነው። ነገ ደግሞ ሁለተኛ ማደንዘዣ አለባት። እነዚያ ቀናት ለእርሷ የሚጠቅሟት ነገር አልነበረም፤ የቢላው ሥራ ቢቀድም አንድ ማደንዘዣ ይበቃት ነበር። የተቀመጡት ለሌላ ውሻ ነው። ገና ላልታመመች፣ ምናልባትም ገና ላልተወለደች፣ ዕጢው በቀኝ በኩል ለሚበቅልባት ውሻ።

ሰው እንዲህ ያለ ስጦታ ሲሰጥ ቢያንስ ያውቃል። ወረቀት አንብቦ፣ ጠይቆ፣ ፈርሞ፣ «እኔን ባይጠቅም ሌላውን ይጥቀም» ብሎ ነው። በውሻዋ ፋንታ የፈረመው ባለቤቷ ነው። ይህን ሳስብ ፈቃዱ ከንቱ ነው ወደ ማለት አልሄድም፤ ሕፃን ልጅ በሚታከምበት ቦታ ሁሉ ወላጅ ይፈርማል፤ እኛም ሁላችን በአንድ ወቅት ሌላ ሰው ፈርሞልን ተወግተናል። ነገር ግን ማስረዳት የማይቻለውን ፍጡር ሥጋ ለዕውቀት የሰጠ ሰው፣ የተቀበለውም ሐኪም፣ ከወረቀቱ በላይ ዕዳ ያለበት ይመስለኛል። ዕዳውም ከሕክምናው ድርሻዋን ማግኘቷ ነው። የእነዚህ ሦስት ውሾች ዕጢ በመጨረሻ ወጥቷል፤ በአጠቃላዩ ነገር ውስጥ ልቤን የሚያሳርፈው ይኸው ነው።

ከዚህ ቀደም እንዲህ አልነበረም። ኢንሱሊንን ያስገኙት የ1921 ሙከራዎች በውሾች ላይ የተደረጉ ናቸው፤ ቆሽታቸው ወጥቶ ስኳር በሽታ እንዲይዛቸው ተደርጎ። ከዚያ የመጣውን መድኃኒት ዛሬ ሚሊዮኖች በየቀኑ ይወጉታል፤ አባቴም እናቴም ሊሉ የሚችሉ ብዙ አንባቢዎች አሉ። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ ዕድሜውን ሙሉ በውሾች ላይ ከሠራ በኋላ በ1935 በሌኒንግራድ፣ በሚሠራበት ተቋም ግቢ ለውሻ ሐውልት አስቆመ። ሐውልቱ ዛሬም አለ። ደግ ሥራ ነው እላለሁ፤ ግን ሐውልት የሚቆመው ለሞተ ነው። በብላክስበርግ የታሰበው ውሻዋ ታማሚ ሆና እንድትገባ፣ ታማሚ ሆና እንድትታይ፣ ከተቻለም ድና እንድትወጣ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም በ2003 የሰውንና የቤት እንስሳትን ካንሰር ጎን ለጎን የሚያጠና ፕሮግራም ሲያቋቁም ምክንያቱ የሚከተለው ነበር። በቤተ ሙከራ አይጥ ላይ ያለው ዕጢ በአብዛኛው ሰው የተከለው ነው። የውሻው ግን ራሱ የበቀለ፣ ከእርጅናው ጋር የመጣ፣ የመከላከያ ኃይሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ አምልጦ ያደገ ነው። ውሻው የሚተነፍሰው እኛ የምንተነፍሰውን አየር ነው፤ የሚኖርበትም ቤት አንድ ነው።

ከኤሌክትሪኩ ጎን ሌላም መንገድ አለ፤ ድምፅ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ዜን ሹ የተባለችው ተመራማሪ በተማሪነቷ ዘመን ከመምህሯ ከቻርልስ ኬን ጋር ሆና በአልትራሳውንድ ሕብረ ሕዋስን ለመፍጨት ትሞክር ነበር። የመሣሪያው ድምፅ አብረዋት የሚሠሩትን ስላስቸገራቸው ጆሮ እንዳይሰማው ብላ በሴኮንድ የሚለቀቁትን ምቶች ቁጥር ከፍ አደረገችው፤ ሲጠበቅ የነበረው ነገር ሆኖ የተገኘው ያኔ ነው። ሂስቶትሪፕሲ ይባላል። ከቆዳ ውጭ ሆኖ የሚላከው የድምፅ ምት በአንድ ነጥብ ላይ ሲሰበሰብ በሥጋው ውስጥ ያለው አየር ተስቦ ወደ ጥቃቅን አረፋዎች ይለወጣል፤ አረፋዎቹ በማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ያብጣሉ፣ ይሰባበራሉ፤ ሕዋሳቱ በመጎተቱ ብቻ ይበጣጠሳሉ። መርፌም አይገባም፤ እሳትም የለም። የተፈጨውን ፈሳሽ ሰውነት ራሱ በሳምንታት ውስጥ ያነሣዋል። እዚህም ጠንካራ ክር ያላቸው ሥሮችና ቧንቧዎች ከለስላሳው ሕዋስ ይልቅ ይቋቋማሉ።

በጥቅምት 2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህ ዘዴ ለሰው ጉበት ዕጢ እንዲውል ፈቀደ። ከፈቃዱ በስተጀርባ ያለው ሙከራ 44 ሰዎችን ያካተተ ነበር። ከታከሙት 44 ዕጢዎች 42ቱ በታሰበው መጠን ተደምስሰዋል፤ በሦስት ሰዎች ላይ ከባድ ጉዳት ደርሷል። ዕጢዎቹ ከሦስት ሳንቲ ሜትር ያልበለጡ ነበሩ። በሌላ ወገን የቨርጂኒያ ቴክ ሐኪሞች በአጥንትና በለስላሳ ሥጋ ካንሰር በተያዙ ውሾች ላይ ይህንኑ ድምፅ ይሞክራሉ፤ በ2020 በሮኖክ ከተማ ለዚሁ ዓይነት ሥራ የእንስሳት ካንሰር ማዕከል ከፍተዋል። ለውሻ ግን እስካሁን በሙከራ ያለ ሕክምና ነው። በዚህ አንድ ነገር ሰው ውሻውን ቀድሞታል።

በሁለቱም መንገድ ያልተጠበቀ ነገር ታይቷል። በሦስቱ ውሾች ዕጢ ውስጥ የሞተውን ቦታ ከበው የተገኙት ሊምፎሳይት የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ነበሩ። በሚሺጋን በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ደግሞ የጉበት ዕጢው ከፊሉ ብቻ በድምፅ ተፈጭቶ ቀሪው ሆን ተብሎ ቢተው ከ11 አይጦች በ9ኙ ላይ ያልተነካው ክፍል ጭምር ጠፋ። አንዱ ማብራሪያ እሳት የሕዋሱን ፕሮቲን አብስሎ መልኩን ሲለውጠው እነዚህ ዘዴዎች ሳይለውጡት ስለሚበትኑት የሰውነት ጠባቂ «ይህ ባዕድ ነው» ብሎ ሊለየው ይችላል የሚል ነው። አይጥ ውሻ አይደለም፤ ሊምፎሳይት መታየቱም ካንሰሩ ይሸነፋል ማለት አይደለም። ይህን ተስፋ እንደ ተስፋ ብቻ መያዝ ይገባል። የታመመ ውሻ ይዞ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የበለጠ መንገር በደል ነው።

አንባቢዬ እስካሁን በሆዱ ይዞት የቆየ ጥያቄ እንዳለ ይሰማኛል። ሰው በጉበት በሽታ በሚያልቅበት አገር ስለ ውሻ ጉበት ማሰብ ምን ይባላል? ጥያቄው ልክ ነው። በእኛ ዘንድ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ ይዞታል» ተብሎ በየቤቱ ሲታከም፣ ከብዙዎቹ በስተጀርባ የሄፓታይተስ ቫይረስ እንዳለ ሳይታወቅ ስንት ዘመን አልፏል። የሰው የጉበት ካንሰር በአብዛኛው ከዚህ ቫይረስ፣ ከመጠጥ፣ በሻገተ እህል ውስጥ ከሚፈጠረው አፍላቶክሲን ከተባለው መርዝ ይነሣል፤ በጠባሳ በተሞላ፣ በደከመ ጉበት ላይ ይበቅላል። በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለድነው ሁሉ ያለ እርሱ ያደግን ነን። የውሻው ካንሰር ግን ቫይረስም ጠባሳም ሳይኖር፣ በአብዛኛው በጤነኛ ጉበት ላይ ይመጣል። ስለዚህ ውሻው ለሰው ሙሉ መስተዋት አይደለም፤ በእርሱ ላይ የሠራ ነገር ሁሉ በደከመ የሰው ጉበት ላይ ይሠራል ማለት አይቻልም። ቦታው ግን አንድ ነው። ያው ታላቅ ሥር፣ ያው የሐሞት ቧንቧ፣ ያው ቢላ የሚፈራው ጥግ። ዕጢው ከዋናው ሥር ተጣብቆ «አይነካም» ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው በየዘመዱ አለ። ለእርሱ የሚሆን መሣሪያ አዲስ አበባ ላይ ስለመኖሩ አልሰማሁም፤ ነገ ከመጣ ግን ከዚያ በፊት ከሄዱት መንገዶች አንዱ በውሻ ጉበት ውስጥ ያለፈ ነው።

ከዚህም በቀር ርኅራኄ ተካፍሎ የሚያልቅ ነገር አይመስለኝም። ውሻ በእኛ ባህል ከደጅ የሚያድር፣ ከቤት የማይገባ፣ ስሙ ለስድብ የሚውል ነው። ሌሊቱን ነቅቶ ያደረውን ግን ባላገር አይረሳውም፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል የምንለው በምስጋና ነው። ያ ታማኝነት ታማኝነትን ይጠይቃል። የአንዲት አሮጊት ውሻ ሆድ በቀስታ የሚዳስስ እጅ ስለ ሰው ሕመም ደንታ ቢስ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

የ2020ው ጽሑፍ ሥራው ሊቆረጡ ለማይችሉ የጉበት ዕጢዎች መንገድ የሚከፍት የመጀመሪያ እርምጃ መሆኑን ተናግሮ ያበቃል። ቀጣዮቹ ውሾች እንግዲህ ቀኝ የደረሳቸው ይሆናሉ፤ በእነርሱ ላይ ከሙከራው በኋላ የሚያድን ቢላ አይኖርም። ያ ከመጀመሪያው እጅግ የከበደ ጥያቄ ነው፤ ባለቤቱም ሲፈርም ይህን በግልጽ ሊነገረው ይገባል። የእነዚያ ውሾች ነገር ሲታተም የሞተው ቦታ ስፋት፣ የቮልቱ መጠን፣ የደሙ ውጤት ሁሉ በሠንጠረዥ እንደሚሰፍር አልጠራጠርም። እኔ አንድ ዓምድ እንዲጨመር እፈልጋለሁ፤ እያንዳንዷ ውሻ ከሕክምናው በኋላ በስንተኛው ቀን በላች፣ በስንተኛው ቀን ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፣ ስንት ሌሊት ሳትቃትት ተኛች የሚል። ይህን የሚያየው ባለቤቷ ነው፤ ለመመዝገብም ደብተርና እርሳስ ይበቃል።